ከአውሮራ እስከ ቶርንተን አይብ ፍለጋ

ልጄ የተወለደችው ቀኗ ሳይደርስ ነው። አልጋዋ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ እኔም «ዛሬ ነገ እገጥመዋለሁ» እያልኩ እግሬን ካርቶኑ ላይ ሰቅዬ ኳስ አይ ነበር። ሚስቴ ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ትኩሳት ትኩሳት አላት፣ ወገቧን ቆረጠማት። «ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል አፍላልኝ» አለችኝ፤ አፈላሁላት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ምጥ መጣ። ሆስፒታል ደርሰን የሽርት ውሃው ሲፈስ ቡናማ ነበር፤ ነርሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ በቫን ሰው ከኤርፖርት ሆቴል ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከጀርባዬ ሁለት ሰዎች ሲተያዩ በመስታወት አይቼ ነገሩን ማወቅ አይከብደኝም። ያ መተያየት ደግ አልነበረም።

ልጅቷ ወጣች። ድምጿ የድመት ግልገል ያህል ነበር። ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ደረቷ ላይ ቀያይ ሽፍታ አለ። ለእናቷ አንድ አፍታ አሳዩአትና ይዘዋት ሮጡ። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለኝ ሰው አጣሁ፤ ለራሴም ማለት ፈራሁ።

ሐኪሟ ረጅም ሴት ነበረች፤ ስኒከር ታደርጋለች፣ ስታወራ ዝቅ ብላ ዓይን ዓይን ታያለች። በሁለተኛው ቀን መጥታ ከሚስቴ አልጋ ጫፍ ተቀመጠችና ከልጅቷ ደም ውስጥ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ መገኘቱን ነገረችን። አዋቂ ሰውን እንደ ጉንፋን ነካ አድርጎ ያልፋል አለች፤ ነፍሰ ጡር ሲያገኝ ግን በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ሕፃኑ ዘንድ ይደርሳል። ካልተፈላ ወተት፣ ከለስላሳ ቺዝ፣ ከቀዝቃዛ ሥጋ ይመጣል፤ ሌላው ባክቴሪያ ሁሉ በሚያንቀላፋበት ፍሪጅ ውስጥ እሱ ይራባል። «በጣም ብርቅ ነገር ነው፤ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ጥቂት ነው» አለች።

ሚስቴ በአማርኛ፣ «ጌታ ሆይ፣ ብርቅ ልጅ ስጠኝ ብዬ የጸለይኩት እንዲህ ማለቴ አልነበረም» አለች። ሳቅኩ። ሳቁ መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ፤ ሐኪሟም ምን እንደተባባልን ሳትጠይቅ ሶፍት አቀበለችኝ። ለልጅቷ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ እየተሰጣት እንደሆነና ቀጣዮቹ ሁለት ቀናት እንደሚወስኑ ነገረችን። ምን እንደሚወስኑ ግን መጠየቅ አልቻልኩም።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያለ አባትን የመሰለ ሥራ ፈት በዓለም ላይ የለም። እናት እንኳ ወተቷን ታልባለች። እኔ ግን የመስታወቱ ሳጥን አጠገብ ቆሜ የማሽኑን ቁጥር አያለሁ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አብሬ እወርዳለሁ፣ ሲወጣ አብሬ እወጣለሁ። ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር ነርሷን ስለምጠራት በመጨረሻ፣ «አባት፣ ልጅህን እንዳያት ትንሽ ፈቀቅ ብትልልኝ» አለችኝ። ፈቀቅ አልኩ። የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ የቫኑን ቁልፍ ይዤ ቆምኩ።

እንደዚህ ሆኜ ሳለ ነው ከጤና ቢሮ አንዲት ሴት ወደ ሚስቴ ክፍል የደወለችው። ሊስቴሪያ ሲገኝ ምንጩን መፈለግ ሥራዋ ነው። ስልኩን እኔ አነሳሁ፤ ሚስቴ የበላችውን ትጠይቀኝ ጀመር። ሆት ዶግ? አልበላችም። የተቆራረጠ ቀዝቃዛ ሥጋ? እሱንም አልበላችም። ለስላሳ ቺዝ? ቀና ብዬ ሚስቴን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ከዚያ አንሶላውን ወደ ፊቷ ሳበች። ሁለታችንም በሐሳባችን ያየነው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነበር።

የሳህኑ ባለቤት እማማ ናቸው። ስማቸውን ልተወውና ሰፈሩ እንደሚጠራቸው እማማ ልበላቸው። አውሮራ ከተማ ውስጥ ያለንበት አፓርትመንት ላይ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ይኖራሉ። ልጆቻቸው አድገው ወደ ሌላ ስቴት ሄደዋል፤ እሳቸው ግን «ሰው ከለመደው አይነቀልም» ብለው ቀሩ፤ የልጆቻቸውንም ድርሻ በእኛ ላይ አወረዱት። ካፖርት ሳትለብስ የወጣች ልጅ ካዩ ከሁለተኛ ፎቅ ይጮሁባታል። የቤታችንን ቁልፍ የሰጠናቸው እኛ ነን? ወይስ ራሳቸው ወሰዱት? እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

አይባቸው በሐበሻው ዘንድ የታወቀ ነው። የሱቅ ወተት አይነኩም፤ «የሞተ ወተት» ነው የሚሉት። ከቶርንተን ከተማ አልፎ ላሞች ካሉት ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጥሬ ወተት ያስመጣሉ። ለሰው መሸጥ ስላልተፈቀደለት እማማ «ለጥጃ ነው» ብለውታል፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ጥጃዎ የት አለ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። ሚስቴ አይብ አማረኝ ያለች ዕለት እማማ እንደ ትልቅ ሹመት ነው የተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ከፍሪጃችን ጠፍቶ አያውቅም።

«ቀሪ አለ? ናሙና እንፈልጋለን» አለችኝ የጤና ቢሮዋ ሴት። አለ አልኳት። እግዜር ይስጣት፣ ሥራ ሰጠችኝ። ልጄን ለማዳን አንድ ነገር ማድረግ የምችል መስሎኝ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

ቤት ደርሼ ፍሪጁን ስከፍት ባዶ ነው። ባዶ ብቻ ሳይሆን ተፈግፍጎ ያብለጨልጫል፤ አንድ ጠርሙስ ሰናፍጭ ብቻውን ቆሟል። ሄጄ የእማማን በር አንኳኳሁ።

«ልጅቷ እንዴት ናት? እናትየው በላች?» አሉኝ ገና በሩን ሳይከፍቱ።

«እማማ፣ አይቡ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል፣ ሰው አፍ ገባ። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ምግብ ይበላሽ እንዴ? ፍሪጁን ክሊን አድርጌ ያለውን ለሰው አከፋፈልኩት።»

ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ጀምሬ ነበር፤ ትዕግሥት ግን ሲፈጥረኝም ትንሽ ነው የደረሰኝ። ስጨርስ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«የኔ አይብ? እስከ ዛሬ በልቶት የሞተ ካለ ስም ጥራ! እዚህ አገር ሰው የሚታመመው በሳሙና ብዛት ነው።»

«ወተቱን ያፈሉታል?»

«አይብ ይፈላል እንዴ? ለብ ይላል እንጂ! ከፈላማ ጎማ ነው የሚሆነው። አንተ ሾፌር ነህ፤ ስለ ጎማ አንተ እወቅ፣ ስለ አይብ ለእኔ ተወው።»

«እሺ፣ ለማን ሰጡት?» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። በእማማ ላይ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው በሰፈሩ ታሪክ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

«ግማሹን ለስቴፕልተን ሰፈሮቹ ባልና ሚስት። ግማሹን...» እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «ግማሹን ለዚያች ለቶርንተኗ ልጅ።»

የቶርንተኗ ልጅ ሰባተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ናት። ከእኛ ቸርች ናት፤ ባሏ ትራክ ይነዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ጠባቂዋ እማማ ናቸው፤ ጴንጤና ኦርቶዶክስ ሳይሉ ነፍሰ ጡር ሁሉ የእሳቸው ናት። ስልኬን አውጥቼ ስከፍት እማማ እጄን ያዙኝ።

«ልትደውልላት ነው? ለነፍሰ ጡር? መርዶ በስልክ ይነገራል?»

«እማማ፣ መርዶ አይደለም!»

«የሚያስደነግጥ ነገር ሁሉ መርዶ ነው። ሰው ሄዶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ውሃ ይዞ ነው የሚነገራት። ደንግጣ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?»

የአባቴን ሞት በስልክ ነው የሰማሁት፤ ኤርፖርት መንገድ ላይ ቫኑን ፓርክ አድርጌ፣ ከኋላዬ ሻንጣ የያዙ ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ። እማማ ልክ ነበሩ። አይቡን በልታ እንደሆነ ብቻ እንዲጠይቁልኝ ተስማማንና ደወሉላት፤ እኔም ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ።

«እማማዬ!» አለች ልጅቷ። «ኧረ አይቡ! ጣት ያስቆረጥማል እኮ! ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ሳህንዎን አጥቤ አስቀምጬልዎታለሁ።»

እማማ ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ምስጋና አንድ ሳምንት ይኖሩበት ነበር። አሁን ግን ስልኩን እንደያዙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ ነው ቤቷ የምትገባው። «እንመጣለን» አሏት። ጂፒኤስ በየኪሱ የገባበት ዘመን አልነበረም፤ አድራሻ ስጠይቃቸው «ቤቱን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ጋቢና ተቀመጡ፤ ወጣን።

ስቴፕልተን መንገዳችን ላይ ነው። ዛሬ ሴንትራል ፓርክ ይሉታል፤ ያኔ አሮጌው ኤርፖርት ፈርሶ አዳዲስ ቤቶች የሚበቅሉበት ሜዳ ነበር። ለነፍሰ ጡሯ ጊዜ ስላለን ናሙናውን አስቀድመን እንውሰድ አልኩ። እማማ ግን ከግሮሰሪ ፊት አስቆሙኝ።

«ባዶ እጄን ሰው ቤት ገብቼ የሰጠሁትን ልቀማ? እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም። ኬክ ግዛ።»

ገዛሁ። በችኮላ ያነሳሁት ኬክ ላይ በሰማያዊ ክሬም እንኳን ለጡረታ አበቃህ የሚል ተጽፎበት እንደነበር ያየሁት በሩን ካንኳኳን በኋላ ነው። በሩን ያገኘነውም ከስንት ልፋት በኋላ። እማማ ቤቱን የሚያውቁት «ሣር ያልበቀለበት» ብለው ነበር፤ በዚያ በጋ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሣር አብቅሏል።

ባልየው ኬኩን ተቀብሎ አነበበና፣ «እኔ እኮ ገና እሠራለሁ» አለ። ሚስትየው ግን አላነበበችም፤ ደስ ብሏት ጎተተችን። ምሳ ላይ ነበሩ። ትሪው ላይ ጎመን አለ፤ ከጎመኑ አጠገብ ነጭ፣ ለምለም፣ ክምር ብሎ የተቀመጠው አይብ ነው። እንዲህ በፍርሃት ያየሁት ምግብ የለም።

«እማማ፣ የእጅዎን ሥራ ቅመሱልኝ» አለች ሚስትየው።

«ልጄ፣ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው» አሉ እማማ፤ ወንበራቸውንም ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ረቡዕ አያድነኝም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ጎመኑን በአይብ ጠቀለለች። «አዲስ አባት! እምቢ አይባልም፣ ለልጅህ ስትል!» ለልጄ ስል! ጉርሻው አፌ ውስጥ ገባ። ሐኪሟ ጤነኛ አዋቂን እምብዛም አይጎዳም ብላለች፤ እኔ ግን ጉንጬ ውስጥ ይዤው እየነቀነቅኩ፣ በእጄ ይቅርታ እያልኩ ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ባልየው ከኋላዬ፣ «ምስኪን፣ ልጁን አስቦ ሆዱ ተረበሸ» ሲል ሰማሁት።

አፌን ተጉመጥሙጬ ስመለስ እማማ ሥራ ላይ ናቸው። «ጨው በዝቶበታል፣ ልቀይርላችሁ» ይላሉ፤ ሚስትየው «ኧረ ልኩ ነው!» ትላለች። «ጎምዝዞብኛል» ይላሉ፤ «እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ነው የምንወደው!» እውነቱን ለመናገር አፋቸው እምቢ አላቸው፤ አየሁት። በመጨረሻ ውሃ ልጠጣ ብለው ወደ ኩሽና ገቡና ነጠላቸውን ከፊት ለፊት ሰብሰብ አድርገው ይዘው ወጡ። ነጠላው ሆዳቸው ላይ አብጧል። የሚያከብራቸው ሰው የማይቆጠር አሮጊት የገዛ አይባቸውን ሰርቀው፣ ቀጥ ብለው፣ «በሉ ደህና ዋሉ» እያሉ ሲወጡ አየሁ። ባልየው የጡረታ ኬኩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በኋላ ነገሩን አስረዳናቸው፤ ምንም አልነካቸውም፤ ሳህኑን ግን እስከ ዛሬ ያነሱብናል።

መኪና ውስጥ ስገባ ሳቄ አመለጠኝ። መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። እማማ ግን አልሳቁም። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ያያሉ። በኮሜርስ ሲቲ በኩል፣ በመጋዘኖቹና በነዳጅ ማጣሪያው ሽታ መሀል ስናልፍ ነበር አንድ ቃል ያወጡት።

«ሕፃኗ ትድናለች?»

«አላውቅም እማማ።»

«እኔ ነኝ?»

ጠዋት ላይ ቢጠይቁኝ «አዎ» እል ነበር፤ ንዴቴ ትኩስ ነበር። አሁን ግን አጠገቤ የተቀመጡት ሚስቴ ምጥ ሲይዛት ባዶ እግራቸውን ከቤት የወጡት ሴት ናቸው። «እሱንም አላውቅም» አልኩ። ፈራሁ፤ ለልጄም ፈራሁ፣ ለእሳቸውም። ከዚያ በኋላ እስከ ቶርንተን ግራ፣ ቀኝ እያሉ መሩኝ።

የቶርንተኗ ልጅ ከነሥራ ልብሷ በሩን ከፈተችልን። ሆዷ ከእሷ በፊት ነው የሚመጣው። ገና ሳንቀመጥ ታጥቦ የተወለወለውን ሳህን አምጥታ ለእማማ ሰጠች፤ ባዶ እንዳይሆንም ብርቱካን ሞልታበታለች። እማማ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ውሃ አስመጡ፣ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ አይቡን በርግጥ በልተሽዋል?»

«እንዴ እማማ! ጋሼ ይሙት! ሳህኑን ነው የላስኩት!»

ጋሼ እኔ ነኝ። በእኔ ስም መማሏ ለዕለቱ ጥሩ ምልክት አልመሰለኝም።

«ሁሉንም?» አልኳት።

«ሁሉንም! እንዲያውም ቢደገም ደስ ይለኛል።»

ለራሷ ሐኪም ደውላ ዛሬውኑ መታየት አለባት ማለት ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያለውም ልጅ እንደ እኔ ልጅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሊገባ ነው ማለት ነው። እንዴት አድርጌ እንደምጀምር ሳስብ እማማ ቀደሙኝ። ውሃውን ለልጅቷ አስጠጓት። የፊታቸውን መጨማደድ ሳየው ያን ጊዜ ነው ያረጁ የመሰለኝ።

«ልጄ፣ አትደንግጪ። የኔ አይብ ጥሩ አልነበረም። የዚህን ሰውዬ ሕፃን ያሳመማት የኔ አይብ ነው። እኔ ነኝ ያሳመምኳት። አንቺንም አብልቼሻለሁ።»

እማማ አይባቸውን ጥሩ አይደለም ብለው! ልጅቷ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ እሳቸውን። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማማ...» አለች። «ይቅር ይበሉኝ። አልበላሁትም።»

«ምን?»

«ሽታው አስጠላኝ። ካረገዝኩ ጀምሮ የወተት ነገር አይሆንልኝም። እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው። ከዚህ በፊት ያመጡልኝንም አልበላሁም። አንዱንም ማንኪያ አልቀመስኩም።»

«ታዲያ ማን በላው?»

ልጅቷ በመስኮቱ ወደ ጎረቤቱ አጥር ጠቆመች። ከአጥሩ ወዲያ የጥጃ ቁመት ያለው ቡናማ ውሻ ጅራቱን እየቆላ ወደ እኛ ያያል። ጸጉሩ ያብረቀርቃል። በዚያ ሰፈር እንደሱ የደላው ፍጡር ያለ አይመስለኝም።

«ለውሻ?» አሉ እማማ። ድምፃቸው ተመለሰ። «የኔን አይብ ለውሻ?»

ይሉኝታ ስንቱን ቤት አፍርሷል ይባላል፤ እውነት ነው። የዚያን ዕለት ግን ለአንድ ጊዜ አንድ ልጅ አተረፈ። ልጅቷ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ስታለቅስ፣ እማማ ቁጣቸው ግማሽ መንገድ ላይ ሰለለ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ውሃውን አነሳሁ። እየሳቁ ነበር። ልጅቷን አቅፈው ሆዷን ሳሙ፤ ወደ መስኮቱ ዞረውም «እግዜር ጤናህን ይስጥህ» አሉት ውሻውን። ሦስታችንም እንባ በእንባ እስክንሆን ሳቅን። ለማንኛውም ብዬ እዚያው ሆና ለሐኪሟ እንድትደውል አደረግኳት፤ ቴስት ተደረገላት፣ ነጻ ናት። በጊዜዋም ይሄን የሚያህል ወንድ ልጅ ወለደች፤ ገንፎውን እማማ ናቸው ያገነፉላት።

ናሙናውን ለጤና ቢሮ አስረክበን ስንመለስ ሚስቴ ደወለች። «ስማ» አለችኝና ስልኩን አራቀችው። በስልኩ ውስጥ አንዲት ሕፃን ቁጣዋን ታወርደው ነበር። የድመት ግልገል አልነበረችም፤ የአባቷ ልጅ ነበረች። መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩ። እማማ ስልኩን ከእጄ ወስደው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ፣ ሰሙ፤ ሲመልሱልኝ እርጥብ ነበር።

ልጄ ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ኋላ አላለችም። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሽፍታው ጠፋ፣ ኦክሲጅኑን አነሱላት። ሕክምናው ግን ረጅም ስለነበረ ሳምንታት እዚያው ቆየን። የጤና ቢሮዋ ሴት መልሳ ደወለች፤ ባክቴሪያው አይቡ ውስጥ ተገኝቷል። ሽማግሌው ገበሬም ተነግሮት ላሞቹን አስመረመረ።

ሰፈሩ ሁሉ ተራ ገብቶ ሲጠይቀን እማማ አልመጡም። ለሚስቴ ምግብ መላክ ግን አላቋረጡም፤ በሰው እጅ ይልካሉ፣ ሁሉም የተቀቀለ፣ ሁሉም የፈላ፣ አንዳንዱ ሁለቴ። መቼ ይመጣሉ ስላቸው ጉንፋን ያዘኝ ይላሉ። ጉንፋኑ ሲያልቅ ጉልበታቸውን አመማቸው። ሚስቴ፣ «ዛሬ ካላመጣሃቸው ከነስፌቴ እየነዳሁ እሄዳለሁ» አለችኝ። ታደርገዋለች፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራቸውን አንኳክቼ፣ «እማማ፣ እስከ ፖስታ ቤት ላድርስዎ» ብዬ መኪና ውስጥ ካስገባኋቸው በኋላ በሩን ቆለፍኩት። መንገዱን ሲያዩት ገባቸው። ተሳደቡ፣ እኔም ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ።

ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚገባ ሁሉ በሩ አጠገብ ባለው ገንዳ እጁን እስከ ክርኑ መታጠብ አለበት። እማማ ነጠላቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ቀለበታቸውን አወለቁ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳሙናውን ወሰዱና ጀመሩ። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር አሹ። አጥበው አለቀለቁ፤ እንደገና ሳሙና ወሰዱ። ከኋላችን የመጡ ሰዎች ታጥበው ገቡ። ሌሎች መጥተው እነሱም ገቡ። «እማማ፣ ይበቃል» አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። ያን ሁሉ ሕፃን ያጠቡ፣ ያን ሁሉ አራስ ያበሉ እጆቻቸው ውሃው ሥር ቀልተዋል።

ሚስቴ ልጅቷን ታቅፋ በመስታወቱ ወዲያ ቆማ ትጠብቃለች። ነርሷ ወደ እኛ መጣች።

«እጃቸው ንጹሕ ነው፣ ንገራቸው» አለችኝ።

«እማማ፣ እጅዎ ንጹሕ ነው።»

ዞር ሳይሉ፣ «እሷ ናት ያለችው ወይስ አንተ?» አሉኝ።

«እሷ ናት።»

«ደግማ ትበል።»

ለነርሷ ነገርኳት። ነርሷ የአሮጊቷን ፊት ትንሽ አየችው። ከዚያ ውሃውን ዘጋችና ሁለቱን እርጥብ እጆች ይዛ፣ መዳፉንም ጀርባውንም ገልብጣ አይታ፣ ቀስ ብላ ደገመችላቸው። እማማ አንዲት ቃል እንግሊዝኛ ሳያስተረጉሙኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጆቻቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ወደ ልጄ ሄዱ።